ስለቱ ከባሕር ማዶ፥ እጀታው ከሀገር ቤት፤ የአንድ አሮጌ ምላጭ ታሪክ በድሬ ዳዋ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት፥ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ጓደኞቼ ስለ ዓድዋ፥ ስለ ላሊበላና ስለ ምድር ባቡር ለመጻፍ ተሻሙ። እኔ ዘግይቼ ስለ ደረስኩ ትልልቁ ርእስ ሁሉ ተወስዶ አገኘሁት። ስለዚህ በቤታችን ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሚኖር ከአንድ ትንሽ ዕቃ ለመጀመር ተገደድኩ። ይኸውም የአያቴ የጢም ምላጭ ነው። «ምላጭ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያነበኝ በትሕትና እለምነዋለሁ።

ምላጭ የሚለው ስም «ላጨ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። የጠመንጃ ማስፈንጠሪያም ምላጭ ይባላል። ዛሬ ምላጭ ሲባል በልጆች ዓይን የሚታየው በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውና እርሳስ የምንቀርጽበት ስስ ብረት ነው። እኔ የምጽፍለት ግን አባቶቻችን በጸጉር አስተካካይ ቤት ያዩት ታጣፊው ምላጭ ነው። አንድ ወገኑ ስል፥ ጀርባው ወፍራም፥ መጨረሻው እንደ ጅራት ቀጭን ሆኖ፥ በሁለት ስስ ሳንቃዎች መካከል እንደ ሰንጢ ይታጠፋል። ሁለቱ ሳንቃዎች እጀታውም አፎቱም ናቸው። ሲዘጋ ስለቱን ይጠብቁታል፤ ሲከፈት ለእጅ ሚዛን ይሆኑታል።

መላጨት ጥንታዊ ልማድ ነው። ዮሴፍ ከወህኒ ወጥቶ ወደ ፈርዖን ከመግባቱ በፊት እንደ ተላጨ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል፤ የሳምሶን ኀይልም ምላጭ ባልነካው ጸጉሩ እንደ ነበረ ከመጽሐፈ መሳፍንት የተማርነው ነው። በሀገራችንም ምላጭ ብዙ አገልግሎት ነበረው። የሕፃናት ራስ ሲላጭ ለወንዱ ቁንጮ፥ ለሴቷ ጋሜ ይተውላቸው ነበር። ሐዘን የደረሰበት ሰው ጸጉሩን ይላጭ ነበር። ዋግምት የሚያደርገው ባለ መድኀኒትም ቆዳውን በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ ቀንድ ይደፋበት ነበር። እንግዲህ ምላጭና ቀንድ በሀገራችን ከጥንት የተዋወቁ ናቸው ማለት ነው። በ1928 ዓ.ም. ጠላት ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ደግሞ ብዙ አርበኞች ጎፈሬያቸውን አሳድገው እንደ ነበር ፎቶግራፎቻቸው ይመሰክራሉ።

ታጣፊው ምላጭ ግን የመጣው ከኤውሮፓ ነው። በእንግሊዝ ሀገር በሼፊልድ ከተማ፥ ቤንጃሚን ሀንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ፥ የሰዓቱ ሽቦ እየተሰበረ ስላስቸገረው፥ እ.ኤ.አ. በ1740 ገደማ ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ፈጽሞ አቅልጦ ጥራቱ አንድ ዓይነት የሆነ ፖላድ ለማውጣት ቻለ። ምላጭ ሠሪዎች ሲፈልጉት የኖሩት እንዲህ ያለውን ብረት ነበር። ከዚያም በጀርመን ሀገር የሶሊንገን ባለ እጆች የምላጩን ሁለት ጎን በክብ ድንጋይ እየቦረቦሩ ስለቱን እጅግ ስስ ማድረግን አጠኑ። እጀታውን ከከብት ቀንድ፥ ከአጥንት፥ ከዝሆን ጥርስ፥ ከኤሊ ልብስና ከእንጨት ይሠሩት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1870 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ሴሉሎይድ የሚባል ሰው ሠራሽ ነገር መጣ። ይህን ስም አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

የሶሊንገን ስም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በመኳንንቱና በጦር አለቆቹ ወገብ ላይ ይታዩ ከነበሩት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ስለታቸው ከሶሊንገንና ከሌሎች የኤውሮፓ ከተሞች የመጣ ነበር። እጀታቸው ግን በዚሁ በሀገራችን ባለ እጆች፥ ብዙ ጊዜም ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር። ስለቱ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ እጀታው ከሀገር ቤት ይገጠማል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፦ ብረቱ የሌላ ሰው ቢሆን እንኳ፥ ዕቃው የእኛ የሚሆነው እጃችን በሚይዘው በኩል ነው።

ድሬ ዳዋ ራሷ እንዲሁ አይደለችምን? ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፥ መንገዱ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ተራራውን መውጣት አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ ደረሰ። በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ከተማችን በዚህ ምክንያት ተቈረቈረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱም፥ ባቡሩም፥ መሣሪያውም ከውጭ መጣ። ከደቻቱ ወዲህ በከዚራ ቀጥ ቀጥ ባሉት ጎዳናዎች ፈረንሳዮች፥ ግሪኮች፥ አርመኖችና ጣሊያኖች ሰፈሩ፤ ከደቻቱ ወዲያ በመጋላ የሀገሩ ሕዝብ ከዐረቦችና ከባንያን ነጋዴዎች ጋር ገበያውን አቆመ። ኦሮምኛ፥ ሶማልኛ፥ አማርኛ፥ ሐረሪኛና ፈረንሳይኛ በአንድ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። የባቡሩን ፋብሪካ ግን ሌት ተቀን ያንቀሳቀሰው በአመዛኙ የሀገሩ ልጅ እጅ ነው።

አያቴ በ1946 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ በከዚራ በአንድ ግሪካዊ ጸጉር አስተካካይ ቤት ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው መሬት መጥረግና ውሃ ማሞቅ ነበር። ምላጭ እንዲይዙ የተፈቀደላቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም ሰው ለመላጨት ሳይሆን፥ በሳሙና አረፋ የተቀባ ፊኛ ሳያፈነዱ አረፋውን ጠርገው እንዲያነሡ ነበር። ደንበኞቹ የባቡር ሠራተኞች፥ ነጋዴዎች፥ የመንግሥት ጸሐፊዎች ነበሩ። ጸጉር በቶንዶስ ይቆረጣል፤ ጢም በምላጭ ይላጫል። አያቴ ስለዚያ ጊዜ ሲናገሩ «የሰው ጉሮሮ በእጅህ ሲሆን ስለ ሌላ ነገር አታስብም» ይሉኛል።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤቶች በተወረሱ ጊዜ የውጭ ሀገር ተወላጆች ብዙዎቹ ከተማዋን እየለቀቁ ሄዱ። የአያቴም ጌታ በሚቀጥለው ዓመት ሣጥናቸውን ይዘው ወደ ጅቡቲ በሚወርደው ባቡር ተሳፈሩ። በለገሃር ሲሰናበቷቸው ከኪሳቸው አንድ ምላጭ አውጥተው ለአያቴ ሰጡአቸው። በጅራቱ ላይ «ሶሊንገን፥ ጀርመን» የሚል ተቀርጾበታል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት ሀገር ስም እንዲጻፍበት ስላዘዘ፥ ፋብሪካዎች የሀገራቸውን ስም መቅረጽ ያዘወተሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ የአያቴ ምላጭ ከዚያ ዘመን በኋላ የተሠራ መሆኑን ገመትኩ።

የታጣፊው ምላጭ ዕድል መመንመን የጀመረው ግን አያቴ ሳይወለዱ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚባል አሜሪካዊ ተጠቅሞ የሚጣል ስስ ምላጭ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1903 መሸጥ ሲጀምር፥ በዚያ ዓመት የሸጠው 51 መላጫና 168 ስስ ምላጭ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መላጫው ከ90 ሺህ በላይ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ አደለው፤ ወታደሩም ለምዶት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወደ እኛም ሀገር ይኸው ስስ ምላጭ ገባ። በመጨረሻም በ1978 ዓ.ም. የኤድስ በሽተኞች በሀገራችን መኖራቸው ከታወቀ በኋላ አንድን ምላጭ ለብዙ ሰው መጠቀም አደገኛ መሆኑ ተነገረ። አያቴ ይህን ሲሰሙ አልተከራከሩም። የሶሊንገኑን ምላጭ በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አኖሩት፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ስስ ምላጭ መክፈት ጀመሩ። ትክክል አደረጉ። እኔም ይህን ታሪክ የምጽፈው ወደ ድሮው ልማድ እንመለስ ለማለት አይደለም።

ባለፈው ክረምት ያን ጨርቅ ስንፈታው ደነገጥን። እጀታው ተሰነጣጥቆ ቢጫ ሆኗል፤ የሚቆመጥጥ ሽታ አለው። ምላጩም በእጀታው ውስጥ በሚያርፍበት ክፍል ብቻ በዝገት ተበልቷል፤ ከእጀታው ውጭ ያለው ጅራቱ ግን ደህና ነው። አባቴ «እርጥበት ነው» አለ። የኬሚስትሪ መጽሐፋችንን ባገላበጥኩ ጊዜ ግን ምክንያቱን አገኘሁት። እጀታው ሴሉሎይድ ነበረ። ሴሉሎይድ በናይትሪክ አሲድ ከታከመ የጥጥ ጭረትና ከካምፎር የሚሠራ ሲሆን፥ ሲያረጅ እየፈረሰ አሲድነት ያለው ትነት ያወጣል። ስለቱን ሊጠብቅ የተሠራው እጀታ ራሱ ስለቱን ሲበላው ኖሯል።

አያቴ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። በኋላ «እንግዲያው ልብሱን አውልቅለት፤ ሌላ እናለብሰዋለን» አሉኝ። «አባባ፥ እኔ እኮ አልችልም» ብላቸው «እኔም በአሥራ አራት ዓመቴ አልችልም ነበር» ብለው መለሱልኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስሕተት ነበር። ለመለማመጃ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ የዛገ ምላጭ ገዛሁና በኤሌክትሪክ የሚዞር መሳያ ላይ ያዝኩት። ከአንድ ደቂቃ በፊት ስለቱ ሰማያዊ ሆነ። አያቴ ባያዩትም ሽታውን አውቀውት «ገደልከው» አሉ። ፖላድ ጥንካሬውን የሚያገኘው በእሳት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ፥ ከዚያም በልክ ሲሞቅ ነው። ከልኩ አልፎ ሞቆ ሰማያዊ ከሆነ ስለት አይዝም። ስለዚህ የምላጭ ዝገት የሚወጣው በእጅ፥ በዘይት በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፥ ከጀርባው በኩል እየተጀመረ በቀስታ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ስድስት ቀን ፈጀሁ። በዝገት የተቦረቦረው ሁሉ አልጠፋም፤ አያቴም እንዲጠፋ አልፈለጉም። ዝገቱ ወደ ስለቱ ጫፍ አለመድረሱን በጥፍራቸው ዳስሰው ካረጋገጡ በኋላ «ሽማግሌ ጠባሳ አለው» አሉ።

እጀታውን ለማውጣት ምስማሩ በመዶሻ አይመታም። ጫፍና ጫፉ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ስለ ተከፈተ፥ ያንዱን ወገን ራስ በሞረድ አውልቆ ከእርሱ በሚቀጥን ሽቦ መግፋት ይገባል። አሮጌው እጀታ ከወጣ በኋላ በወረቀት ላይ ቅርፁን ነደፍኩ።

ለአዲሱ እጀታ የበሬ ቀንድ ከሥጋ ሻጭ በነፃ አገኘሁ። ቀንድ በውስጡ አጥንት አለው፤ ተቀቅሎ ነው የሚላቀቀው። ጎረቤታችን ያሉት ጋሼ በባቡር ፋብሪካ ለብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሞርሳቸውንና ሴጌቷቸውን አዋሱኝ። ቀንዱን በቁመቱ ሰንጥቀን፥ በፈላ ውሃ እስኪለሰልስ ቆይተን፥ በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል በሞርሳ አጥብቀን እስከ ማግሥቱ ተውነው። ጠማማው ቀንድ ሳንቃ ሆኖ ወጣ። የመጀመሪያው ሳንቃ ግን ተሰነጠቀብኝ፤ ሙቀቱ ሳይገባው ቸኩዬ ስለ ጠመዘዝኩት ነው።

ከዚያም ሁለቱን ሳንቃዎች በወረቀትና በሙጫ አጣብቀን እንደ አንድ አድርገን ሞረድናቸው፤ ቀዳዳዎቹንም በአንድነት በትራፓኖ በሳን። እንዲህ ካልተደረገ ሁለቱ ጎኖች አይመሳሰሉም፤ ቀዳዳዎቹም አይገጥሙም። የእያንዳንዱ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከተለያዩ በኋላ ከኋላቸው በኩል በመካከላቸው ትንሽ ሽብልቅ ይገባል። ይህ ሽብልቅ ለዓይን እንደ ጌጥ ቢታይም የሥራው ሁሉ ቁልፍ እርሱ ነው። በአንድ ወገን ወፍራም፥ በሌላው ስስ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ሳንቃዎች እንዲወጠሩና ምላጩን በጅራቱ በኩል አቅፈው እንዲይዙት ያደርጋል። ሽብልቁ ከተዛባ ምላጩ ሲዘጋ አንዱን ጎን ይነካል፤ ስለቱም ይሰበራል። እኔ ሦስት ጊዜ ሠርቼ በአራተኛው ገጠመልኝ።

የመጨረሻው ሥራ ምስማሩ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለውን የናስ ሽቦ ቆርጠን፥ በሁለቱም ወገን ትንንሽ ቀለበት አድርገን፥ ጫፉን በትንሽ መዶሻ ቀጠቀጥን። አያቴ አጠገቤ ተቀምጠው የመዶሻውን ድምፅ ብቻ እየሰሙ ይመሩኝ ነበር። «አንድ ጊዜ በኀይል ከመምታት አርባ ጊዜ መንካት ይሻላል» ይሉኛል፤ ድምፁ ሲከፋቸውም ጉልበቴን በእጃቸው ይነኩኛል።

ከዚያ በኋላ መሳል መጣ። ምላጭ በድንጋይ ላይ ሲሳል ጀርባውና ስለቱ በአንድነት ድንጋዩን መንካት አለባቸው፤ ልኩን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ራሱ ነው። በድንጋይ ላይ ስለቱ ቀድሞ ይሄዳል፤ በጠፍር ላይ ግን ጀርባው ቀድሞ ይሳባል፤ አለዚያ ጠፍሩ ይቆረጣል፥ ስለቱም ይታጠፋል። ስትመልሰው ሁልጊዜ በጀርባው ላይ ታገላብጠዋለህ፤ በስለቱ ላይ አይገለበጥም። ይህን ሁሉ አያቴ በቃል ነገሩኝ እንጂ በመጽሐፍ አላነበብኩትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። አንዳንድ ሰዎች «የዝሆን ጥርስ ብታደርግለት ያምር ነበር» አሉኝ። የዝሆን ጥርስ በጥንት ዘመን በሐረር በኩል የሚያልፍ ዋና የንግድ ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን ዓለም አቀፍ ንግዱን መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 ከልክለውታል፤ ኢትዮጵያም በ2007 ዓ.ም. ስድስት ቶን ያህል የተያዘ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። በእኛው ምሥራቅ፥ በባቢሌ፥ በ1962 ዓ.ም. ለዝሆኖች መጠበቂያ የተከለለ ሥፍራ አለ። ስለዚህ ለአንድ ጢም ዝሆን መሞት የለበትም። ከገበያ የሚጣለው የበሬ ቀንድ ቆንጆ ነው፤ በዘይት ሲታሽ ጥቁሩና ነጩ እንደ ደመና ይታያል።

አሁን ለመጻፍ የከበደኝን ነገር ልንገራችሁ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ በክፍል ውስጥ «የጸጉር ቆራጭ ልጅ» እየተባልኩ ይሳቅብኝ ነበር። አባቴ ጸሐፊ ሆኖ ከተቀጠረ ወዲህ አያቴ ሥራቸውን ለእንግዳ እንዳይናገሩ ይፈልግ ነበር። ምላጩ ሠላሳ ዓመት በላይ በሣጥን ውስጥ የተደበቀው በበሽታ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። በሀገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የምትሠራው፥ ቆዳ የሚፍቀው ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ ነግረው ነበር። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ግን በእኔ የክፍል ጓደኞች አፍ ውስጥ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በእኔም ሆድ ውስጥ ነበር። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኛ ቤት የተነገረ ይመስለኛል።

ዛሬ ፈረንሳዮች የዘረጉት አሮጌው ሐዲድ በአብዛኛው ጸጥ ብሏል፤ አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከከተማው ውጭ ባለው ጣቢያ ያልፋል። በአሮጌው ፋብሪካ የሠሩት ሽማግሌዎች በየሰፈራችን ተቀምጠዋል። ስለ ቶርኖ፥ ስለ ብረት ማቅለጥ፥ ስለ ምስማር የሚያውቁትን ጠይቀን ካልጻፍነው ከእነርሱ ጋር ይሄዳል። ከታናናሾቼ ተማሪዎች የምለምነው ይህን ነው፦ በቤታችሁ ያለውን አሮጌ ዕቃ ከመጣላችሁ በፊት የሠራበትን ሰው ጠይቁ።

ምላጩ ያለቀው በጥምቀት ዋዜማ ነው። አያቴ ተቀብለው ከፈቱት፤ ዘጉት፤ ደግመው ከፈቱት። የስለቱ ጎን እጀታውን አለመንካቱን በጆሮአቸው አዳመጡ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ደጅ፥ ወደ ብርሃኑ አስወጥተው ተቀመጡና አንገታቸውን አቀኑ። «ና እንግዲህ» አሉኝ። «እኔን ብቻ ነው የሚላጨው፤ ሌላ ሰው አይነካም።»

ሳሙናውን አረፋሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትመለከታለች። አባቴም ሳልጠራው መጣና ፎጣውን ያዘልኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የአያቴ ግን አገጫቸው አልተንቀሳቀሰም። ከግራ ጆሯቸው በታች አንዲት ትንሽ ጭረት አወጣሁባቸው። ሲነኳት «ይህቺ የአንተ ናት» ብለው ሳቁ።